በአሮጌ ማውንቴን ብስክሌት ላይ የኮርሳ መሪ መግጠም፦ ከሐዋሳ የቀረበ ጥያቄ

ሐይቅ ዳር

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ባለ 26 ኢንች ጎማ የሆነ አንድ አሮጌ ማውንቴን ብስክሌት አለኝ። ቴላዮው ብረት ነው፤ የፊት ሹካው ሞላ የለውም፤ ከፊት ሦስት፣ ከኋላ ሰባት ማርሽ አለው፤ ፍሬኑም ቪ ፍሬን የሚባለው፣ ሁለት ረጃጅም ክንዶች ያሉት ነው። ከከተማ ምልልስ አልፌ ቅዳሜና እሑድ በጥቁር ውሃ በኩል ወደ ሻሸመኔ፣ አንዳንዴም ወደ ይርጋለም አቅጣጫ መጓዝ ከጀመርኩ ወዲህ ቀጥ ያለው መሪ እንደማይበቃኝ ተረድቻለሁ። እጅ በአንድ ቦታ ብቻ ተይዞ ረጅም ጊዜ ሲቆይ መዳፍ ይደነዝዛል፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣም ደረትን ዝቅ አድርጎ ለመንዳት የሚያስችል መያዣ የለም።

ኮርሳ ብስክሌት መግዛት አንዱ መፍትሔ እንደሆነ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ዋጋው ከአቅሜ በላይ ከመሆኑም ሌላ፣ ቀጭን ጎማ ይዞ በሰፈራችን ኮብልስቶን ላይ ማለፍ ለእጅም ለቸርኬም የሚመች አይመስለኝም። ስለዚህ ያለኝን ጠንካራ ቴላዮና ሰፊ ጎማ እንደያዝኩ፣ ወደ ታች የሚታጠፈውን የኮርሳ መሪ ብቻ ልገጥምለት አስቤአለሁ። ይህን ሥራ የምታውቁ ሰዎች በየትኛው በኩል መጀመር እንዳለብኝና ምን ምን ነገር እንደማይገጣጠም ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መካኒኩ

ወንድሜ፣ ከመሪው በፊት ስለ ፍሬኑ ማሰብ ይገባል። ብዙ ሰው መሪውን ገዝቶ፣ እጀታውን አስሮ፣ መጠቅለያውን ጠቅልሎ ከጨረሰ በኋላ ብስክሌቱ አልቆም ሲለው ወደ እኔ ያመጣዋል። ስለዚህ ይህንን በሰፊው ላስረዳ።

የፍሬን እጀታ ሥራው ገመድ መሳብ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም እጀታ እኩል ርዝመት ያለው ገመድ አይስብም። ቪ ፍሬን ሺማኖ በተባለው የጃፓን የብስክሌት ዕቃ አምራች በኩል እ.ኤ.አ. በ1996 ገበያ ላይ ሲውል፣ ክንዶቹ ረጃጅም በመሆናቸው ላስቲኩን ወደ ቸርኬው ለማድረስ ብዙ ገመድ መሳብ ነበረበት። ስለሆነም የማውንቴን እጀታዎች ለእርሱ እንዲስማሙ ተደርገው ተሠሩ። የኮርሳ እጀታ ግን ለኮርሳ ፍሬንና ለካንቲሊቨር (ከቪ ፍሬን በፊት ለነበረው፣ ሁለቱ ክንዶቹ በአጭር ገመድ ለሚገናኙት ፍሬን) የተሠራ ስለሆነ የሚስበው ገመድ ከዚያ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። የኮርሳ እጀታን ከቪ ፍሬን ጋር ሲያገናኙት፣ እጀታው መሪውን እስኪነካ ድረስ ቢጨመቅ እንኳ ላስቲኩ ቸርኬውን በሚገባ ሳይዝ ይቀራል። ላስቲኩን ለቸርኬው እጅግ አስጠግቶ በማሰር ችግሩ የተፈታ የሚመስላቸው አሉ፤ ላስቲኩ ጥቂት ሲያልቅ ወይም ቸርኬው ትንሽ ሲጣመም ግን ፍሬኑ ወይ ጎማው እንዲሽከረከር አይለቀውም፣ ወይ አይዝም። ይህን አሠራር ለማንም አልመክርም።

መውጫው አራት ዓይነት ነው። አንደኛው ለኮርሳ መሪ ሆኖ ብዙ ገመድ እንዲስብ የተሠራ እጀታ መፈለግ ሲሆን፣ ቴክትሮ አር ኤል 520 የሚባለው በዚህ የታወቀ ነው። ከተገኘ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ያለህን ቪ ፍሬን ሳትነካ ትቀጥላለህ። ሁለተኛው ክንዱ አጠር ያለ፣ ሚኒ ቪ የሚባለው ፍሬን ነው። የተለመደው ክንድ ከ100 ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን የዚህኛው ከ80 እስከ 90 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ነገር ግን ሰፊ ጎማና ፓራፋንጎ በሥሩ ለማሳለፍ ስለሚጠብ አንተ ለምትፈልገው ነገር አይስማማም። ሦስተኛው ገመዱ መሀል ላይ የሚገባና የሚሳበውን ርዝመት የሚያበዛ ትንሽ መዘውር ነው፤ ይሠራል፣ ግን ገመዱን በጠባብ ዙሪያ ስለሚያጥፈው ቶሎ ቶሎ ይቆርጠዋል።

አራተኛው ወደ ካንቲሊቨር መመለስ ነው፤ እዚህ ሐዋሳ ላለ ሰው እኔ ይህን አስቀድማለሁ። ምክንያቱም ከ1996 በፊት የተሠሩ ማውንቴኖች ሁሉ ማለት ይቻላል በካንቲሊቨር የመጡ ናቸው፣ አሮጌ ብስክሌት በሚፈታበት ቦታ ሁሉ ይገኛል፣ ሹካውና ቴላዮው ላይ ያሉት የፍሬን ምሰሶዎችም ለሁለቱም ዓይነት አንድ ናቸው። ተጨማሪ የሚያስፈልገው የገመዱን ሽፋን የሚያስቆም ማረፊያ ነው። የፊቱ ከመሪው አንገት (መሪውን ይዞ ከቴላዮው ጋር ከሚያገናኘው ዕቃ) ሥር ካለው ዳዶ በታች ይገባል፤ የኋላው ኮርቻው በሚታሰርበት ቡሎን ላይ ይያዛል።

ገመድ ስትገዛም የጫፉን ቅርጽ ተመልከት። የማውንቴን ፍሬን ገመድ ጫፉ እንደ ትንሽ በርሜል ነው፤ የኮርሳው ደግሞ ጠበብ ብሎ ሾጠጥ ያለ ነው። በሁለቱም ጫፍ የተለያየ ራስ ያለው ገመድ ካገኘህ የማትፈልገውን ቆርጠህ ትጥላለህ። በርሜሉን በሞረድ አሹለህ ኮርሳ እጀታ ውስጥ አታስገባ።

አላሙራ

መካኒኩ ስለ ፍሬን የጻፉት ትክክል ነው። እኔ በቶርኖ ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ስለሆንኩ ስለ ልኬት ልጨምር፤ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ሳይዙ ገበያ መውጣት ገንዘብ ማባከን ነውና።

የማውንቴን መሪ እጀታ በሚታሰርበት ቦታ ላይ ውፍረቱ 22.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኮርሳ መሪ ግን 23.8 ነው። ስለዚህ አሁን ያሉህ የፍሬን እጀታዎችና የማርሽ መቀየሪያዎች ወደ አዲሱ መሪ አይሄዱም። ቀዳዳቸውን በሞረድ አስፍተው የሚያስገቡ አሉ፤ ማሰሪያው በጣም ይሳሳል፣ በኋላም ይሰነጠቃል።

መሪው መሀል ላይ፣ በአንገቱ በሚያዝበት ቦታ፣ የአሮጌ ማውንቴን ልኬት 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። የኮርሳ መሪዎች ግን በዕድሜያቸው ይለያያሉ፦ 25.4 የሆኑ አሉ፣ 26.0 የሆኑ ብዙ ናቸው፣ አዳዲሶቹ ደግሞ 31.8 ናቸው። 26.0 የሆነውን በ25.4 አንገት ውስጥ በጉልበት ማስገባት የአንገቱን ማሰሪያ ከፍቶ ያዳክመዋል፤ መሪ ደግሞ ሰው ሙሉ ክብደቱን የሚጥልበት ዕቃ ነው። በተቃራኒው 25.4 የሆነውን መሪ በ26.0 አንገት ማሰር ይቻላል፤ ልዩነቱ በየጎኑ 0.3 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በዚያው ውፍረት አንድ ወጥ የአሉሚኒየም ላሜራ ዙሪያውን ማልበስ ይበቃል። ሌላም ነገር አለ፦ ፊቱ ተፈትቶ የማይወጣ፣ በአንድ ቡሎን ብቻ የሚጠብቅ አንገት ከሆነ፣ የኮርሳ መሪ መታጠፊያው በቀለበቱ ውስጥ አልፎ መሀል ላይ መድረሱን ከመግዛትህ በፊት ሞክረው። ወፍራም የማውንቴን አንገቶች ብዙ ጊዜ አያሳልፉትም።

ሚሚ ከአቶቴ

ሁላችሁም ስለ ዕቃው ጻፋችሁ፤ እኔ ስለ ሰውየው ልጠይቅ። ቁመቴ አጭር ነው፤ ከአንድ ዘመድ የተረከብኩትን ማውንቴን እንዲህ አስለውጬ ነበር፣ ፍሬኑም ማርሹም ደህና ነው። ሆኖም እጀታው ላይ ለመድረስ በጣም መዘርጋት ስላለብኝ ወገቤንና አንገቴን ያመኛል። ኮርቻውን ወደ ፊት ብገፋው ይሻላል? ወይስ ቴላዮው ለእኔ አይሆንም ማለት ነው?

መካኒኩ

እህቴ፣ ኮርቻውን አትንኪው። የኮርቻው ቦታ የሚወሰነው በፔዳሉ ነው፤ ወደ ፊት ሲገፋ ችግሩ ከወገብ ወደ ጉልበት ይዛወራል እንጂ አይጠፋም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቀጥ ያለ መሪ እጅን ከአንገቱ ጎን፣ እንዲያውም ጥቂት ወደ ኋላ ያሳርፈዋል። የኮርሳ መሪ ግን ከመታጠፉ በፊት ከ80 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ይሄዳል፤ መዳፍ የሚያርፍበት የፍሬን እጀታው ጉብታም ከዚያ በላይ ያስረዝመዋል። ስለዚህ ቴላዮው ሳይለወጥ እጅሽ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ፊት ሄዷል ማለት ነው። መፍትሔው የመሪውን አንገት በአጭር መለወጥ ነው። በአሮጌ ማውንቴኖች ላይ 120 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ የሚበልጥ አንገት የተለመደ ነው፤ አንቺ 60 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ወደ ላይ ቀና ያለ ፈልጊ። መሪውም ቢሆን ወደ ፊት የሚሄድበት ርዝመት አጭር የሆነ፣ ስፋቱም ከትከሻሽ የማይበልጥ ቢሆን ይመረጣል።

የምትይዢው ቦታ በአብዛኛው ጊዜ የእጀታው ጉብታ ስለሚሆን፣ መሪውን ከኮርቻው ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ አድርጊው። አንገቱን ወደ ላይ ስትስቢ ግን ወደ ቴላዮው በሚገባው ግንዱ ላይ የተቀረጸው የመጨረሻ ወሰን መስመር ከቴላዮው ውጪ እንዳይታይ ተጠንቀቂ። ይህ ሁሉ ተደርጎም ካልደረሰሽ ቴላዮው ረጅም ነው። ከፊት ሞላ እንዲኖራቸው ታስበው በኋለኞቹ ዓመታት የተሠሩት ማውንቴኖች የላይኛው ቧንቧቸው ከቀደሙት ይረዝማል፤ ለዚህ ሥራ የቀደሙት የሚመረጡበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ጥንቁቅ

በአክብሮት የተለየ ሐሳብ አቀርባለሁ። የእስካሁኑን ምክር አንድ ላይ ብንደምረው መሪ፣ አንገት፣ ሁለት የፍሬን እጀታ፣ ካንቲሊቨር፣ ገመድና መጠቅለያ ሊገዛ ነው፤ የማርሽ መቀየሪያውም ገና አልተነሣም። ጠያቂው የሚፈልጉት እጃቸውን የሚያሳርፉበት ተጨማሪ ቦታ ከሆነ፣ በቀጥተኛው መሪ ጫፍ ላይ የሚታሰሩ ሁለት አጫጭር ቀንዶች ይህን በጥቂት ገንዘብ ይሰጧቸዋል፤ ፍሬኑም ማርሹም አይነካም። ከወገባቸው ዝቅ ለማለትም አንገቱን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። በእኔ እምነት ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ለውጦች የሚደረጉት ለመልክ ነው፤ ለመልክ ሲባል ደግሞ የሚሠራ ፍሬን መፍታት ተገቢ አይመስለኝም።

የአዳማ ልጅ

ጥንቁቅ ያነሡት ለከተማ ውስጥ መንገድ እውነት ነው፤ ለረጅም መንገድ ግን ቀንዱ ነፋስን አይመልስም። እኔ የምኖረው በአዳማ ነው፤ የከተማችን ነፋስ እንዴት ያለ እንደሆነ ከተራራው ላይ የቆሙት የኃይል ማመንጫዎች ይመሰክራሉ፤ አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት ለከንቱ አይደለም። ነፋስ በሌለበት ቀን እንኳ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አየሩን ለመሰንጠቅ የሚፈለገው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣማ በዝግታ ለሚነዳ ሰውም ሸክሙ ይበዛል። ክርንን አጥፎ፣ ደረትን ዝቅ አድርጎ፣ በዚያው ጊዜ ጣትን ከፍሬን ሳያርቁ መንዳት የሚቻለው በኮርሳ መሪ ላይ ነው። አንገትን ዝቅ ማድረግ ግን በነፋስም ያለ ነፋስም፣ ዳገት ላይም ቁልቁለት ላይም ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ መቀመጥን ያስገድዳል።

ነገሩ ለመልክ ብቻ የተጀመረ እንዳልሆነም ታሪኩ ያሳያል። ቻርሊ ካኒንግሃም የተባለው አሜሪካዊ ሠሪ በካሊፎርኒያ ኮረብታ ላይ የሚነዱ ብስክሌቶቹን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በታጠፈ መሪ ይሠራ ነበር። ጆን ቶማክም እ.ኤ.አ. በ1990፣ በዱራንጎ፣ ኮሎራዶ በተካሄደው የመጀመሪያው የማውንቴን ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮና ዓመት፣ በማውንቴን ብስክሌቱ ላይ የኮርሳ መሪ ገጥሞ ተወዳድሯል፤ በዚያው ወቅት በአስፋልት ውድድርም ይሳተፍ ስለነበር በሁለቱም ላይ አቀማመጡ አንድ እንዲሆን ፈልጎ ነው።

ስለ ማርሹ ልናገር። የኋላው ከሚፈራው ይልቅ ቀላል ነው። ሺማኖ ለሰባት፣ ለስምንትና ለዘጠኝ ማርሽ የሠራቸው የኮርሳ መቀየሪያዎችና የዚያ ዘመን የማውንቴን የኋላ ዲሬይለሮች (ሰንሰለቱን ከማርሽ ወደ ማርሽ የሚያሻግሩት ዕቃዎች) የገመድ አሳሳባቸው አንድ ስለሆነ ይግባባሉ፤ ከዚህ የሚለየው ዱራ ኤስ የተባለው የሺማኖ የኮርሳ ዕቃ የድሮው ዓይነት ነው። ከፍሬን እጀታው ጋር አንድ ላይ የተሠራ፣ ለሰባት ማርሽ የሚሆን መቀየሪያም ቱርኒ በሚለው ስም ወጥቷል። አስቸጋሪው የፊቱ ነው፤ የኮርሳና የማውንቴን የፊት ዲሬይለር የገመድ ልኬታቸው ስለሚለያይ በየደረጃው የሚቆም መቀየሪያ በትክክል አያሠራውም። ስለዚህ ለፊቱ ደረጃ የሌለው፣ በጣት ስሜት ወዲያና ወዲህ የሚንቀሳቀስ መቀየሪያ ይሻላል፤ ይህ ዓይነቱ ከማንኛውም ዲሬይለር ጋር ይሠራል።

ገንዘብ ለማያወጣ ሰው አንድ ዘዴ አለ። አሮጌው የአውራ ጣት መቀየሪያ ማሰሪያው 22.2 ሚሊ ሜትር ነው። ቀጭኑ፣ የባለ 1 ኢንቹ አሮጌ የመሪ አንገት ግንድም ያው 22.2 ነው። አንገቱን ነቅሎ መቀየሪያውን በግንዱ በኩል ማስገባትና ከቴላዮው በላይ በሚታየው ቦታ ላይ ማሰር ይቻላል። ማርሽ ለመቀየር አንድ እጅ ከመሪው ማንሣት ግድ ቢሆንም፣ ለረጅም የአስፋልት መንገድ አያስቸግርም። ግንዱ 25.4 ከሆነ ግን ይህ አይሆንም።

ወጣት ጋላቢ

ጋሼ መካኒክ፣ የኮርሳ መሪ ባጣስ? በሰፈራችን ያለ በያጅ የግማሽ ኢንች የውሃ ቧንቧ አጥፎ በዚያው ቅርጽ እንደሚሠራልኝ ነግሮኛል። ዋጋውም በጣም ትንሽ ነው።

አላሙራ

ጋሼ እስኪመልሱ እኔ ልቅደም፤ ልኬቱ የእኔ ሥራ ስለሆነ። የግማሽ ኢንች የውሃ ቧንቧ የውጭ ውፍረቱ 21.3 ሚሊ ሜትር ነው። የኮርሳ እጀታ 23.8 ስለሚፈልግ በላዩ ላይ ይዞራል፤ የማውንቴኑ 22.2 እንኳ በትክክል አይጨብጠውም፤ መሀሉም 25.4 እንዲሆን ሌላ ቀለበት ሊበየድበት ነው። ቧንቧ በተገቢው መሣሪያ ካልታጠፈ መታጠፊያው ይጨፈለቃል፤ በተጨፈለቀበትና በተበየደበት ቦታ አጠገብ ደግሞ ቀስ በቀስ ይደክምና ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል።

መካኒኩ

የምጨምረው የለኝም፤ አታድርገው፣ ልጄ። የተሰበረ ኮርቻ ቆመህ ያስኬድሃል፤ መሪ ሲሰበር ግን የሚወድቀው ፊትህ ነው። ያገለገለ የአሉሚኒየም መሪ ስትገዛም ከወደቀ ብስክሌት የወጣ አለመሆኑን መርምር። አሮጌውን መጠቅለያ አስወግደህ፣ በተለይ አንገቱ በሚይዘው ቦታ ዙሪያ ጭረት ወይም ስንጥቅ ካየህበት ተወው። ትዕግሥት ካለህ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ልኬቱን ጽፈህ ስጠው፤ በመርካቶ ምናለሽ ተራ ፈልጎ የሚያጣ ያለ አይመስለኝም።

ሐይቅ ዳር

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። የመሪዬን አንገት ግንድ ለካሁት፤ 22.2 ነው፤ ስለዚህ የአዳማው ወንድማችን ያሉትን ዘዴ እከተላለሁ። ጥንቁቅ ያነሡትንም በቁም ነገር አስቤበታለሁ፤ ጉዞዬ በከተማው ውስጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምክራቸውን እቀበል ነበር። ከአንድ አሮጌ ብስክሌት የወጣ ሙሉ ካንቲሊቨር አግኝቻለሁ። ጥያቄዬ ሁለት ነው፦ የክረምቱ ዝናብ ሲመጣ ይህ ፍሬን ይበቃኛል ወይ? ሲገጠምስ ምን መጠንቀቅ አለብኝ?

መካኒኩ

ስለ ዝናቡ መጀመሪያ ቸርኬህን በማግኔት ፈትነው። ማግኔት ከያዘው ብረት ነው፤ የብረት ቸርኬ ሲረጥብ የትኛውም ላስቲክ በደንብ አይዘውም፣ በካንቲሊቨርም በቪ ፍሬንም ያው ነው። ከሁሉ አስቀድመህ የፊቱን በአሉሚኒየም ቸርኬ ለውጥ፤ ገንዘብህ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ መሪው ይቆይና ይህ ይቅደም።

ስለ አገጣጠሙ፣ የካንቲሊቨር ሁለቱን ክንዶች የሚያገናኘው አጭር ገመድ ከጎማው በላይ ያልፋል። ይህ ገመድ ዝቅ ባለ መጠን ፍሬኑ ኃይል ይጨምራል፤ ከፍ ባለ መጠን እጀታው ጠንካራ መስሎ ይሰማና አያያዙ ይደክማል። ስለዚህ ጎማውን ሳይነካ ዝቅ አድርገው። ነገር ግን ከእጀታው የሚመጣው ዋናው ገመድ ቢበጠስ ያ አጭር ገመድ ጥርስ ባለው ጎማ ላይ ወድቆ የፊት ጎማውን በድንገት ሊቆልፈው ይችላል፤ ቁልቁለት ላይ ይህ ከደረሰ ሰው በመሪው በላይ ይወረወራል። የፊት ፓራፋንጎ ካለ ገመዱን ይይዘዋል። ስለዚህ ፓራፋንጎውን አታውልቅ፤ ከሌለህም በሹካው አናት ላይ ገመዱን የሚያስቀር አንድ ጠንካራ የብረት ቁራጭ እሰር። ጎማውንም ጥርስ በሌለው፣ 1.5 ወይም 1.75 ኢንች ስፋት ባለው ብትለውጠው ለአስፋልቱም ለኮብልስቶኑም ይበጅሃል።

መጠቅለያውን ለመጨረሻ አቆየው። እጀታዎቹን በቴፕ ብቻ ይዘህ መጀመሪያ ቆመህ፣ ብስክሌቱን ወደ ፊት እየገፋህ ሁለቱን ፍሬኖች በየተራ በሙሉ ኃይልህ ጨብጥ፤ እጀታው መሪውን ሳይነካ ጎማው መቆለፍ አለበት። ከዚያ ሰው በሌለበት ሜዳማ መንገድ፣ ለምሳሌ ማለዳ በሐይቁ ዳር፣ በዝግታ ነድተህ ከጉብታውም ከታችኛው መያዣም እየሞከርክ እጀታዎቹ ለጣትህ የሚመቹበትን ከፍታ አግኝ። ገመድ አዲስ ሲሆን ስለሚለጠጥ እንደገና አጥብቀው። እጀታው ቦታውን ካገኘ በኋላ ቡሎኑን አጥብቀህ፣ ገመዶቹን በመሪው ላይ በቴፕ አስረህ፣ መጠቅለያውን ከጫፉ ወደ መሀል ጠቅልለው።